ስልሳ ሳንቲም በካርድ

ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ፤ ውል የሚፈርሙና ውል የሚያነቡ። እኔ ከፈራሚዎቹ ወገን ነኝ። እዚህ ጀርመን አገር፣ በማርቡርግ ከተማ ዳገት ላይ የምንነግድ ሁሉ ከዚያው ወገን ነን። አንባቢዋ አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ነጋዴ ሳይሆኑ ደንበኛ። ክብርት ወይዘሮ ሮስቪታ ዲንግልዳይን፣ ጡረተኛ፣ ማንም ሳይሾማቸው የካርድ ውል ሹም።

ሱቅ ያለው ሰው ካርድ ለመቀበል ከካርድ ድርጅት ጋር የሚፈርመው ውል አለ። ገጹ ብዙ፣ ፊደሉ የጉንዳን እግር። እኛ መጨረሻው ገጽ ላይ ስማችንን አኑረን መሳቢያ ውስጥ እንቀብረዋለን። ወይዘሮ ዲንግልዳይን ግን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

ዳቦ ጋጋሪው ሃርትሙት በሩ ላይ «ካርድ ከአስር ዩሮ ጀምሮ» ብሎ ለጥፏል። እሳቸው አንዲት ትንሽ ዳቦ ያነሱና ካርዳቸውን ይዘረጋሉ።

«ጽሑፉን አላዩትም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ። ውሉ ላይ ግን የለም።»

«ወይዘሮ ዲንግልዳይን፣ ወረፋው እኮ በር አልፏል።»

«ታዲያ ምን ያስቆመናል? የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

በዚህች ቃል ስንቱን ረትተዋል። በካርድ ለሚከፍል ሃምሳ ሳንቲም ይጨምር የነበረው አበባ ሻጭ ዛሬ አይጨምርም። አይብ ሻጯ መታወቂያ ብትጠይቃቸው፣ «የምስጢር ቁጥሬን ካስገባሁ ወዲያ ስሜ ምን ያደርግልዎታል?» ብለው አሳፍረዋታል። ሃርትሙት ሲምል፣ እሳቸው ከገቡ እርሾው ራሱ አይነሳም።

እኔ የምሸጠው ክር፣ መርፌና የልብስ ቁልፍ ነው። እኔም መስኮቴ ላይ ያቺኑ የአስር ዩሮ ጽሑፍ ለጥፌያለሁ። ወይዘሮ ዲንግልዳይን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፤ የስልሳ ሳንቲም አንዲት ቁልፍ ይመርጣሉ፤ ካርድ ይዘረጋሉ። እንጨቃጨቃለን፤ እሳቸው ይረታሉ። ጽሑፉ ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አይልም።

በመጸው ላይ ከካርድ ድርጅቱ ተደወለልኝ። ስለ ጽሑፌ አንድ ሰው አመልክቷል፤ ዓርብ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ጽሑፉ ካለ ማሽኑ ይነሳል። የገና በዓል እየቀረበ የካርድ ማሽን ከሌለኝ ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ብቀመጥ ይሻላል። ልገነጥለው ተነሳሁና እልህ ያዘኝ። መጀመሪያ ከሳሼን ላግኝ አልኩ።

ማክሰኞ መጡ።

«አመለከቱብኝ አይደል? ዓርብ ተቆጣጣሪ ይመጣብኛል» አልኳቸው።

ካርዳቸውን እንደያዙ ቆሙ። «እኔ?»

«ውሉን የሚያውቅ ሌላ ማን አለ?»

«ሰው የምከስ ብሆን፣ በዚህ ጉልበቴ በየሳምንቱ ዳገት እየወጣሁ እለፈልፍ ነበር? ተቀምጬ አልደውልም? ከድርጅቱ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙ ብዬ እኮ ነው።»

 የቁልፍ ሳጥኑን ወደ እሳቸው ሳብኩ።

«ለመሆኑ ያን ሁሉ ቁልፍ ምን ያደርጉበታል?»

«ማሰሮ ውስጥ ነው። የኔ ልብስ ሁሉ ዚፕ ነው።»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ወጣን። ማጣበቂያው ከመስታወቱ ጋር ተዋህዷል። እኔ በሙቅ ውሃ፣ እሳቸው በጥፍር ሞረዳቸው ፋቅነው። ሃርትሙት ከማዶ አየንና፣ «ወይዘሮ ሽትሩክ፣ እርስዎም እጅ ሰጡ?» አለኝ።

«እርስዎም ሞረድ ይፈልጉ» አሉት ወይዘሮ ዲንግልዳይን። «ዓርብ ተቆጣጣሪው እርስዎም ዘንድ ጎራ ማለቱ አይቀርም።»

ሳቀ። ግን ሲመሽ የእሱም በር ራቁቱን ነበር።

ዓርብ ተቆጣጣሪው መጣ፤ መስኮቱን አየ፤ ክር እንኳ ሳይገዛ ሄደ። ማሽኑ ሳይነሳብኝ ቀረ፤ ከሳሼን ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ወይዘሮ ዲንግልዳይን ቁልፋቸውን መርጠው ስልሳ ሳንቲም በዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

«ካርዱስ?»

«ጽሑፉ ከተነሳ ምን አከራከረኝ? ደግሞ ከእያንዳንዱ ክፍያ ድርጅቱ ከእርስዎ ስንት እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። እሱም ውሉ ላይ አለ።»

ከዚህች ቁልፍ የሚተርፈኝን እያሰቡልኝ ነው። ሳንቲሞቹን ወደ እሳቸው መልሼ ገፋሁና ማሽኑን አዞርኩላቸው።

«ካርድ ልቀበል ግዴታ ገብቻለሁ» አልኩ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዲንግልዳይን ሳንቲሞቹን ለቀሙ። ካርዳቸውን አስጠጉ፤ ማሽኑ ጢጥ አለ። ድርጅቱ ድርሻውን ይውሰድ። ስለ ማሰሮው ጠይቄያቸዋለሁ፤ ገና ግማሹም አልሞላም።