የተማም ሳንባ ላይ የታየችው ነጥብ

ጠንቃቃ ነው እያሉ የሚያሙኝ አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ተማምን ስለማያውቁት ነው።

ጅማ የራጅ ባለሙያ ሆኜ ሥራ ስጀምር ሁሉም ነገር በዘመቻ ነበር። መሃይምነት በዘመቻ ይጠፋል፣ ቡና በዘመቻ ይለቀማል። አንድ ቀን ደግሞ የቡና መቀሸሪያው ሠራተኞች ሳንባ በዘመቻ ይታይ ተባለ። የገለባው ብናኝ ያስላቸዋላ! መሣሪያውን ጭነን መጋዘናቸው ውስጥ ተከልነው። እኔም እርሳሴን ቀርጬ፣ መዝገቤን አስምሬ፣ ፊልም የሚገባባቸውን ሁለት ጠፍጣፋ ሳጥኖች «አንድ» እና «ሁለት» ብዬ ቁጥር ሰጠኋቸው። በየጠዋቱም እወለውላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል?

የዕለቱ የመጨረሻ ተነሺ ተማም ነበር፤ ኩንታል ቡና በአንድ ትንፋሽ ደረጃ የሚያወጣ የሸቤ ልጅ። ሊሙ ገነት ከተማ ዘይነባ የምትባል እጮኛ ነበረችው። ፊልሙ ሲታጠብ ቀኝ ሳንባው ላይ ነጭ ነጥብ ወጣች። ሐኪማችን ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ሄዶ ይመርመር አሉ። «ሊሆን ይችላል» ተብሎ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ታውቃላችሁ? ልድገመው ብዬ አሰብኩ። ፊልም ግን በቁጥር ነው፤ ለመድገም ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈራሁና ሳልጠይቅ ቀረሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የራጅ ፊልምም ጨምሩበት።

ተማም የአዲስ አበባ ተራውን እየጠበቀ ሊሙ ሽማግሌ ላከ። ልጅቷን በአፍላ ዕድሜዋ ባል አልባ አላስቀራትም፣ ቃሌን መልሱልኝ አለ። እሷ እጠብቀዋለሁ ብላ አልቅሳ ነበር አሉ። አባቷ ግን ለሌላ ዳሯት።

በተማም ላይ የቆመው ዘመቻ ከሁለት ወር በኋላ ሲቀጥል መጀመሪያ የተነሡት የመቀሸሪያው ካድሬ ነበሩ። በሳጥን አንድ፣ ተማም በተነሳበት። ያቺው ነጥብ፣ እዚያው ቦታ! ያን ዕለት ፈቃድ ያነሳ ሰው የለም። ወዲያው በሳጥን ሁለት ደገምናቸው፤ ጥርት ያለ ሳንባ። ሳጥን አንድን ብርሃን ላይ ከፈትኩት። ጥፍር የማታክል የቡና ገለባ ተለጥፋለች። ፊልም የሚገባው በጨለማ ስለሆነ አላየኋትም። ስወለውል የከረምኩት ውጭውን ነበር።

ለተማም ሁሉንም ነገርኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎም፣ «መድገሙ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አምስት» አልኩት። «ማድረቁ ሳይጨመር።»

ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ።

አሁን በየዓመቱ ሊነሳ ሲመጣ ሸሚዙን አውልቆ ይቆምና፣ «ኦቦሌሳ» ይለኛል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ሳጥኑ ውስጥ እፍ ብለሃል?»

አዎ እለዋለሁ።

«እስቲ ድገመው።»

ጨለማው ክፍል ተመልሼ እፍ እላለሁ፣ ደጋግሜ። ጤነኛው ሳንባ የእሱ ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥረው እኔን።