ሦስት ቀን በጁራ ጫካ፣ ከውሸቴ ጋር

እስቲ ንገሩኝ፣ ጤነኛ ሰው ባቡርም አውቶቡስም እያለለት ለምን በእግሩ ተራራ ይወጣል? ስዊዘርላንድ ስኖር ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዙሪክ ውስጥ ሽዋመንዲንገን በሚባል ሰፈር ከምንኖርበት ቤት በላይ አንዲት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ አሉ። እሑድ ጠዋት ቦርሳ አዝለው፣ ሁለት ዱላ ይዘው በደረጃ ሲወርዱ፣ እኔ ሊፍት ስጠብቅ እንገናኛለን። ወዴት ነው? ስላቸው ተራራ ይሉኛል። ወጥተው ምን ሊያደርጉ? ሊወርዱ! እንግዲህ ለሚወርዱት ነገር ለምን ይወጡታል? ልጠይቃቸው እልና ሊፍቱ ይመጣል።

እኔ ያደግሁት ፒያሳ ነው። በእኛ ሰፈር በእግሩ የሚሄድ ሰው ታክሲ ያጣ ሰው ነው። ታዲያ እኔን የመሰለ ፍጡር፣ ጉልበቱ የሚንቋቋ የስድሳ ሁለት ዓመት ጡረተኛ፣ ባለፈው ነሐሴ ሦስት ቀን ሙሉ ጫካ ለጫካ ምን ሲሠራ ከረመ? አትቸኩሉ፣ ልነግራችሁ ነው። ነገሩ የጀመረው ከውሸት ነው። ትንሽ ውሸት ናት። አንዲት ቃል ብቻ።

ከአገር የወጣሁት ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ ነው። አወጣጤ እንዲህ ነበር። ለአሥር ቀን ሥልጠና ጄኔቭ ተጠራሁ፣ ቪዛ ተሰጠኝ፣ ከቦሌ ተሳፈርኩ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ዶሮ ነው ዓሣ? ተባልኩ። ዶሮ አልኩ። በቃ፣ ስደቴ ይኸው ነው። ለስደተኞች መሥሪያ ቤትም ዶሮዋን ብቻ ትቼ ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናግሬያለሁ። ሌላው ሰው ለመሥሪያ ቤት ይዋሽና ለወዳጁ እውነቱን ይነግራል። እኔ ገልብጬው ተገኘሁ።

የዋሸሁት ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር፣ ወዳጄ ዘሪሁን ቤት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ራሱ ዘሪሁን ነው። አንድ እሑድ ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፣ እያንዳንዱ አመጣጡን ይተርካል። አንዱ በሞያሌ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ታስሯል። አንዷ ባሕር ላይ አምስት ቀን ተንሳፍፋለች። ከዚያ ተራው እኔ ጋ ደረሰ። አንተስ መኩሪያ፣ በየት በኩል ወጣህ? አሉኝ። አሁን እንዲህ ካሉ ሰዎች ፊት ዶሮ በላሁ ይባላል? በመተማ፣ አልኩ። በእግር? አለኝ አንዱ። ዝም አልኩ። ወንጀሌ እንግዲህ ይህ ዝምታ ነው። ዘሪሁን ብድግ ብሎ ወደ ኩሽና ሄደ። ቧንቧውን ከፍቶ ሲስቅ እሰማዋለሁ።

የቀረውን እኔ አልጨመርኩም፣ ማርያምን! ሰው ነው የጨመረው። በሳምንቱ መንገዴ ሰባት ቀን ሆነ። ለፋሲካ አሥራ አንድ ቀን ደረሰ። በዓመቱ ዙሪክ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አንድ የማላውቀው ሰው ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ እዚህ መሐላችን የተቀመጠ አንድ ሰው አለ አሉ፣ ወንድሙን በሸክም ድንበር አሻግሮ... ብሎ የእኔን ታሪክ ለራሴ ነገረኝ። እኔ ወንድም የለኝም። አራት እህቶች ናቸው ያሉኝ። ግን ምን ልበል? እንባዬ መጣ። ባለቤቴ አልማዝ ከዚያ ቀን ጀምራ በዚህ ነገር ላይ አኩርፋኛለች።

ባለፈው ሰኔ ነው ዘሪሁን የደወለው። የጄኔቭ ማኅበር የሦስት ቀን የእግር ጉዞ አዘጋጅቷል፣ ከመሪ ጋር፣ ጁራ ተራራ፣ ጫካ ውስጥ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፈረንሳይ በኩል የሸሹ ሰዎች መንገዱን በሚያውቁ ገበሬዎች እየተመሩ ወደ ስዊዘርላንድ የገቡበት መንገድ ነው አለኝ። ጥሩ፣ እግዚአብሔር ይርዳችሁ አልኩት። አንተ የክብር እንግዳችን ነህ አለኝ። በመጨረሻው ቀን ከራስህ የእግር ስደት ተነሥተህ ለወጣቶቹ ንግግር ታደርጋለህ። አብደሃል? አልኩት። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ መረጡህ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሳይዘጋው ግን ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ መሰለኝ።

እንግዲህ ችግሬ ይግባችሁ። ከሄድኩ የእውነት ከሄዱት ልጆች መሐል በሁለት ሰዓት ውስጥ እጋለጣለሁ። ከቀረሁ ደግሞ የመተማው ጀግና ከጁራ ፈርቶ ቀረ ይባላል። ስሜ ነው የሚሄደው። በዚህ በሰው አገር የቀረኝ ስሜ ብቻ ነው፣ እሱም የውሸት ነው!

ሄድኩ። አሥራ አራት ሆነን ተነሣን። መሪያችን ማርክ የሚባል ቀጭን የጄኔቭ ሰው ነው፣ ባቱ እንደ ሎሚ የተቋጠረ። ከዙሪክ የመጣነው እኔና ሰሚራ ነን። ሰሚራ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዋሊሰለን የገበያ ማዕከል፣ ሱቅ ውስጥ እየሠራች ትማራለች፣ ለህረ የሚሉት የሙያ ትምህርት ላይ ናት። የእውነት በመተማ ወጥታ፣ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በባሕር የመጣች ልጅ ናት። ሰው ሲያወራ ሰምቼ እንጂ ራሷ ተናግራው አታውቅም።

ማርክ ጫካው እንደገባን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዛፉ ሥር አሁንም የጠላት ወታደር የተኛ ይመስል በሹክሹክታ ነው የሚያስረዳው። እኛም በሹክሹክታ እንድንሄድ ለመነን፣ የዚያን ጊዜውን ስሜት ለማግኘት። እሺ አልን። አሥራ አራት ኢትዮጵያዊ በሹክሹክታ ለአራት ደቂቃ ያህል ሄደ። ከዚያ የአንዱ ስልክ በመዝሙር ጮኸ፣ ሌላዋ ሳቋ አመለጣት፣ አለቀ። የጦርነቱ ጊዜ ሰዎች እኛን ይዘው ቢሆን ኖሮ አንዳቸውም ድንበር አይሻገሩም ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ማርክ ትልቁን ቦርሳ ፈታ። የአሳማ ቋሊማና ፎርማጆ ነው የሞላው፣ ለአሥራ አራት ሰው፣ ለሦስት ቀን። ዘመኑ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ክርስቲያኖቹ ጾመኞች ነን። ሙስሊሞቹ ቋሊማውን ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ፎርማጆውንም አብሮት ተጠቅልሎ ስለመጣ አልነኩትም። ታዲያ እውነቱን እንዳንነግረው ሰውየው ደክሞ ተሸክሞ አምጥቶታል፣ ያዝናል። ሁላችንም ጠግበናል አልነው። ጠዋት የተነሣ፣ ተራራ የወጣ አሥራ አራት ሰው ጠግበናል ሲል አስቡት! ማርክ እንዳይጣል ብሎ ለብቻው ይበላ ጀመር። በሁለተኛው ቀን መሪያችንን እኛ ነን የምንጠብቀው፣ ሆዱን ይዞ ከኋላ ይመጣል።

የእኔስ ነገር? በመጀመሪያው ሰዓት ውኃዬን ጨርሼ ጠጣሁት። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተነቃብኝ ስል፣ አያችሁ፣ ልምድ ያለው ሰው ውኃ በሆዱ ነው የሚሸከመው አለ አንዱ። በየአሥር ደቂቃው ቁጭ እላለሁ። ጋሼ ጫካውን እያዳመጡ ነው ተባለ። በየዕረፍቱ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ለሠርግ የገዛሁት ጫማ ነው፣ ገደለኝ። እግራቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡ አያችሁ? አሉ። ጭቃ ላይ ተንሸራትቼ በደረቴ ስወድቅማ ዝም ብለው በአክብሮት ቆሙ። ጥይት የለመደ ሰው እንዲህ ነው የሚወድቀው አሉ። ዘሪሁን ዛፍ ተደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መጋለጥ ያለበት ሰው አልጋለጥ ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ እኔ ነኝ የማውቀው።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የድንበር ድንጋዩ ጋ ደረስን። አሮጌ፣ ሽበት የመሰለ ሣር የበቀለበት ድንጋይ ነው። በዚህ በኩል ፈረንሳይ፣ በዚያ በኩል ስዊዘርላንድ። ሁሉም ፎቶ ሊነሣ ተሯሯጠ። ሰሚራ ግን እኔ አጠገብ ቆማ ቀረች።

«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ማታ ሲተኙ እግርዎ አሁንም ይሄዳል?»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

«የእኔ ይሄዳል» አለች። «ይኸው ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የሚቆመው ከስንት ዓመት በኋላ ነው?»

አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ይህች ልጅ መድኃኒት ፍለጋ ነው የጠየቀችኝ፣ እኔ ደግሞ ያለኝ ዶሮ ነው። ይቆማል፣ ይቆማል ልጄ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። በልቤ ግን ቆረጥኩ። ነገ ሁሉንም እናገራለሁ። ስሜ ገደል ይግባ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻው መንደር ደረስን። ልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰበሰቡ። ማርክም የሚተረጉምለት ሰው ይዞ ተቀመጠ። ተነሣሁ። «ልጆቼ» አልኩ፣ «እኔ በእግሬ አልመጣሁም። በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። መተማን የማውቃት በካርታ ነው። ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

 አሁን ይነሡብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ አንዲት ልጅ አፏን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። «አያችሁ ትሕትና!» አለ አንዱ። «እኛ ያልሄድነውን ሄድን እንላለን፣ እሳቸው የሄዱትን አልሄድኩም ይላሉ!» ጭብጨባው ጫካውን አናጋው። ኧረ እውነቴን ነው! እላለሁ። ባልኩ ቁጥር ያለቅሳሉ። የእኛ ሰው ጎበዝ ሲባል ኧረ እኔ ምን አደረግሁ ማለት ልማዱ ነው፣ እኔ ስለው ደግሞ ልማዱ መሰላቸው። «ዘሪሁን!» ብዬ ጮኽኩ። «ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለኸኝ የለም ወይ? ተናገር እንጂ!»

ዘሪሁን ተነሣ። ፊቱን እንደ ሰባኪ አከበደው። «ወንድሜ መኩሪያ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለ። «ከበደኝ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ተዉት እባካችሁ፣ አታስጨንቁት።» ማርክ ሲተረጎምለት ባርኔጣውን አወለቀ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ተቀመጥኩ።

ወደ ዙሪክ ስንመለስ ባቡር ውስጥ ሰሚራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሎዛንን ሳናልፍ፣ «እኔ አምኜዎታለሁ» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። የሄደ ሰው በዕረፍት ጫማውን አያወልቅም። ካወለቀ እግሩ ያብጥና ተመልሶ አይገባለትም።»

«ታዲያ ድንበሩ ጋ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ሰው መጠየቅ ስለፈለግሁ ነው» አለች። «የሚመልስልኝ ባይኖርም።»

ይቅርታ ልጠይቃት ስል እጇን አነሣች። በእርስዎ እኔ ተጠቅሜያለሁ አለች። እንዴት እንደመጣሽ ንገሪን ብለው ሲያስቸግሯት፣ ጋሽ መኩሪያን ጠይቁ፣ እሳቸው ያውቁታል እያለች ወደ እኔ ስትልካቸው ኖራለች ለካ! አሁን ደግሞ የሙያ ትምህርት ቤቷ አስተማሪ መንገድሽን ለክፍሉ ንገሪ ብላት፣ ሁለት ወር ሙሉ አሞኛል እያለች ስትሸሽ ቆይታለች። «እርስዎ ይንገሩልኝ» አለችኝ። «የእኔን፣ በእርስዎ አፍ።»

«አሁንስ ሌላ ውሸት!» አልኳት።

«ውሸት አይደለም። ሁሉም የሆነ ነገር ነው። በእርስዎ ላይ አለመሆኑ ብቻ ነው።»

ከዚያ እስከ ዙሪክ አወራችልኝ። አንዴ ከመስኮቱ፣ አንዴ ከጣቷ ጋር እያወራች ሁሉንም ነገረችኝ። እኔ ምንም አልጠየቅሁም። ዋናው ባቡር ጣቢያ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወርዶ እኛ ብቻ ቀርተን ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ጀርመንኛዬ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርመንኛ ነው፣ ብዙ ዓመት ሆስፒታል አንሶላ ያጠብኩበት። ስለዚህ እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ሰሚራ ትተረጉማለች። ጀመርኩ። በረሃው፣ መኪናው፣ ጓደኛዋ የቀረችበት ቦታ። ጓደኛዬ እላለሁ እኔ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ታዘብኩ። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ስናገር እሷ አምስት ትተረጉማለች። ከዚያ አሥር። በመጨረሻ እኔ ዝም ብዬ ቆሜ፣ እሷ ወለሉን እያየች ትተረጉማለች። ምን እንደምትል ግማሹ አልገባኝም። አንዴም ሳታቋርጥ ጨረሰችው፣ አስተማሪዋ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፣ በውሸት ሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጥያቄ ካላችሁ ተባለ። ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠች፣ መነጽር ያደረገች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ትክ ብላ አየችኝ፣ ጫማዬንም አየች። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አለ አይደል? አለች። ታዲያ እኚህ ሰውዬ ለምን በአውሮፕላን አልመጡም?

ክፍሉ ደነገጠ። አስተማሪዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። የሰው መከራ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል? ብላ ጮኸችባት። ተማሪዋ ወደ እኔ መጣች፣ እጄን ጨብጣ ይቅርታ አለችኝ። እኔም ግድ የለም፣ ልጅ ነሽ፣ አልፈርድብሽም አልኳት። በዚህ ሁሉ ዓመት ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷኑ ይቅርታ አስጠየቅናት።