ስለ ሽንት ቤቷ እንጨት የሰብአዊ መብት ኮሚቴው የወሰነውና የሻረው

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የሰብአዊ መብት ቀን ዋዜማ
ሰዓት፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት (ሰብሳቢው የደረሱት ስምንት ተኩል ነው)
ቦታ፦ የልብስ ስፌት ፋብሪካው የናሙና ክፍል፣ ጭንቅላት በሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች መካከል

የተገኙ፦
1. የአስተዳደር ኃላፊው፣ ሰብሳቢ
2. የምርት ኃላፊው፣ በሠራተኛው አጠራር «ቶሎ በሉ»
3. የጥበቃ አለቃው
4. አንዲት ሰፊ፣ የሴት ሠራተኞች ተወካይ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር
5. እኔ፣ ከመዝገብ ቤት፣ ሳልጠየቅ የተመረጥኩ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው። አምስት ስለሆንን ሞልቷል፤ ትርፍ የለም።

አጀንዳ አንድ፦ የበዓሉ ዝግጅት
ሰብሳቢው የሰብአዊ መብቶች ዝርዝር በትልቁ ታትሞ ሽንት ቤቱ በር ላይ በውስጥ በኩል መለጠፉን አበሰሩ። ለምን እዚያ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኛ ተረጋግቶ የሚያነብበት ሌላ ቦታ እንደሌለ ገለጹ። ተጨበጨበ።

አጀንዳ ሁለት፦ እንጨቷ
ለማያውቅ አንባቢ፦ እያንዳንዱ የስፌት መስመር ቁጥር የተጻፈባት አንዲት እንጨት አለችው። ሽንት የያዘው ሰው እንጨቷን ከመስመር አለቃው ተቀብሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል፤ እሱ ሳይመለስ ሌላው ንቅንቅ አይልም። ሠራተኛው «ፓስፖርት» ይላታል።

ተወካይዋ፣ ባለፈው ሳምንት ቁልፍ የምትተክል ልጅ እንጨቷን ተከልክላ ማሽኗ ላይ እንደተቀመጠች ቀሚሷ መራሱን፣ ከዚያ ወዲህም ሥራ አለመምጣቷን አመልክታ እንጨቷ እንድትቀር ጠየቀች። «እኔም በዚህ ሆዴ ተራ ስጠብቅ አንድ ቀን በሰው ፊት መዋረዴ ነው፤ እባካችሁ» ብላለች።

ቶሎ በሉ፣ ሽንት ቤት የሚመላለስ ሁሉ ስልክ ሊያወራ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ተወካይዋም «ጋሼ፣ ሆዴ ውስጥ የሚራገጥ ልጅ እንጂ የሚደውልልኝ ሰው የለም» ስትል መለሰች። (ጸሐፊው ስቆ ተገሥጿል።) የጥበቃ አለቃው ችግሩ ከምንጩ እንዲደርቅ፣ ማለትም ከምሳ በኋላ ውሃ መጠጣት እንዲከለከል ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ አልተገኘም፤ ሆኖም እንዲጠና ተባለ። ሰብሳቢው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ቢሉ፣ ተወካይዋ «እስኪሄድ ድረስ እዚሁ ልውለድ?» ብላ ጠይቃለች።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ነገ እንግዶች እንደሚመጡና እንጨት ያንጠለጠለ ሰው ፎቶ ላይ እንደማያምር ከግምት ውስጥ ገብቶ፦

ውሳኔ፦ ማንኛውም ሠራተኛ ሲያስፈልገው ያለ እንጨትና ያለ ፈቃድ ሽንት ቤት የመሄድ መብት አለው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወዲያው ተወካይዋ ተነሳች። ሰብሳቢው ወዴት እንደሆነ ሲጠይቋት «የጸደቀው ቦታ» አለች። እሳቸውም ፊርማ ሳያርፍ ሰው ከወጣ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚጎድል፣ ውሳኔውም እንደሚፈርስ አስረድተው፣ ለጓደኞቿ ስትል እንድትታገሥ ለመኗት። ተቀመጠች። እኔ እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ቶሎ በሉ ግን ውሳኔው የኮንትራት ሠራተኛን ይጨምር አይጨምር ሳይጣራ አልፈርምም አሉ፤ ሳይቸኩሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ተወካይዋን ላብ አጠመቃት። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ይዛ ብድግ አለች፤ «በሉ መብቱን እናንተው ያዙት፣ እኔ አልቻልኩም» ብላ ወጣች።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ምልዓተ ጉባኤው ስለጎደለ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። እንጨቷ ባለችበት ትቀጥላለች። ተወካይዋ ያለ እንጨት በመውጣቷ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት። አራት ሆነን ይህን መወሰን እንችል እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ምልዓተ ጉባኤ የሚያስፈልገው ለመብት እንጂ ለቅጣት አይደለም ተባልኩ።

ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ ተዘጋ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ማስጠንቀቂያውን እንዳደርስ ታዝዤ ስወጣ ተወካይዋን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። የሽንት ቤቱ ዘበኛ «እንጨትሽስ?» ብሎ መልሷታል። ቀሚሷ ርሶ፣ በሻርፗ ወለሉን እየጠረገች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። እኛ ነበርን ማፈር የነበረብን። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ፣ አጠገቧ ተንበርክኬ አብሬያት ጠረግሁ።