የሕፃናት እንክብካቤ ዳይሬክቶሬት አመሠራረት

መልካም አስተዳደር ያልጎበኘው አገር ምንኛ ያሳዝናል! ኦሃዮ ውስጥ ኪያር በአቸቶ እየዘፈዘፈ በጠርሙስ የሚያሽገው ፋብሪካችን ግን፣ ምስጋና ለቦርዱ ይግባውና፣ በመልካም አስተዳደር ተጥለቅልቋል። የቦርዱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ስለሆንኩ ምስክርነቴን የሚጠራጠር አይኖርም። ሰብሳቢው ሚስተር ሃርላን ድዋየር ናቸው። አባላቱ ደግሞ ልጃቸው፣ አማቻቸውና አንድ ገለልተኛ ዳይሬክተር። ገለልተኛው እውነትም ገለልተኛ ነው፤ ከሰብሳቢው ጋር ጎልፍ የሚጫወተው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ባለአክሲዮኖች «ለኅብረተሰቡ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ለካ የደግ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋው ይወደዳል ተብሎ ኖሯል። ቦርዱ ይህን ሲሰማ ደግነት እንደ ጉንፋን ሁሉንም ባንዴ ለከፋቸው።

«ሕፃናትን እንርዳ» አሉ ሰብሳቢው።

«እደግፋለሁ» አለ ልጃቸው።

«በጀቱስ ከየት ይመጣል?» አልኩ እኔ፤ ምላሴ አያርፍም።

«የሠራተኞቹ ልጆች የሚውሉበት ክፍል አለ አይደል? እሱ ይዘጋ» አሉ ሰብሳቢው።

«እደግፋለሁ» አለ አማቻቸው፣ ምን እንደተባለ ሳይሰማ።

ክፍሉ ተዘጋ። የልጆቹ አልጋ ወጥቶ የቆዳ ወንበር ገባ፤ በሩም ላይ «የሕፃናት እንክብካቤ ዳይሬክቶሬት» ተብሎ ተጻፈ። ዳይሬክተሯ የሰብሳቢው ምራት ፓትሪስ ሆነች። ኧረ በውድድር ነው! ብቻዋን ተወዳድራ አንደኛ ወጣች።

በማግስቱ ሎሬታ ዊልክ ትንሿን ልጇን ጁንን አቅፋ መጣች። ሎሬታ ጠርሙስ የምታሽግ፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሠራተኛችን ናት።

«ፓትሪስ፣ ልጄን የት ልጣላት?»

«ውይ፣ ስታምር! ለዓመታዊ ሪፖርታችን ፎቶ ላንሳት?»

«ፎቶውን አንሺው፤ እሷን የት ላድርጋት ነው የምልሽ!»

«የኔ እመቤት፣ ኩባንያችን ለሕፃናት ቅድሚያ ይሰጣል። አስተያየት ካለሽ ሣጥኑ ውስጥ ክተቺ።»

ከተማው ውስጥ ያለው የልጆች መዋያ ደመወዟን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ሌላ ምን ታድርግ? ጁንን ማሸጊያው አጠገብ አስቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች። በዚያው ቀን ተባረረች፤ ጥፋቷም «የሕፃናት ደኅንነት ፖሊሲን መጣስ» ተባለ። አንጀቴ እያረረ መዘገብኩት።

ብዙም ሳይቆይ፣ እየዞረ ለኩባንያዎች ደግነት ነጥብ የሚሰጠው መዛኝ ሊመጣ ነው ተባለ። ሕፃናቱን አሳዩኝ ቢልስ? ሰብሳቢው ራሳቸው እኔን አስከትለው ሎሬታ ቤት ሄዱ።

«ሎሬታ፣ እባክሽ ጁንን ላንድ ቀን አውሺን።»

«ልጄ ድስት ናት እንዴ የምትዋሷት?»

«ሥራሽን እንመልስልሻለን።»

«ክፍሉንስ?»

«እሱን ብቻዬን መወሰን አልችልም፤ መልካም አስተዳደር አለ እኮ!»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ወንዙ ማዶ ያለው ብስኩት ፋብሪካ ቀጥሮኛል፤ በሚቀጥለው ወር እገባለሁ። የልጆች መዋያም አለው።»

በሩን ፊታቸው ላይ ጠረቀመችው። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መዛኙ መጣ። ክፍሉ ጭር ብሏል፤ ሰብሳቢው ላብ በላብ ሆነዋል።

«ልጆቹ የታሉ?»

መዛኙ ግራ ቀኙን ቃኘ።

«የሚያለቅስ የለም። ወድቆ የተጎዳ የለም። አቤቱታ የለም። ፖሊሲስ አላችሁ?»

«አለን! ያውም በቀለም የታተመ!» አሉ ሰብሳቢው።

«ይገርማል! በሄድኩበት ሁሉ ጫጫታ ነው። እንዲህ ያለ ሰላማዊ የሕፃናት አገልግሎት አይቼ አላውቅም።»

ሙሉ ነጥብ ሰጠን። አክሲዮኑ ተመነደገ፤ ቦርዱም ለራሱ ቦነስ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሰብሳቢው «ደግነት ያተርፋል!» ሲሉ እንባቸውን በክራባታቸው ጠረጉ፤ ገለልተኛው ዳይሬክተር መሐረብ አቀበላቸው።

ዝናችንን የሰሙ ፋብሪካዎች ለልምድ ልውውጥ ይጎርፉ ጀመር። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት የብስኩት ፋብሪካው ኃላፊዎች ነበሩ። እንዴት ያሉ ትጉህ ተማሪዎች መሰሏችሁ! አንድ ጊዜ አይተው ገባቸው።

ወሩ ሲብት ሎሬታ ጁንን በእጇ ይዛ አዲሱ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ደረሰች። ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ በትሕትና አስቆማት።

«ይቅርታ እቴ፣ ልጅ ይዞ መግባት ቀርቷል። ከዛሬ ጀምሮ እኛም ደጎች ሆነናል።»