ከሰዓት እላፊ በኋላ የሚጮኸው አካል

ሰው እስክሪፕቶ ሲጨብጥ ምን እንደሚነካው እንጃ። መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ ባርኔጣውን አንስቶ፣ የልጆቻችሁን ጤና በየስማቸው ጠይቆ፣ በር ላይ ደግሞ «በሞቴ ይቅደሙ» እያለ የሚያንገላታችሁን ጨዋ፣ ወረቀት ስጡትና ግድግዳ ላይ ለጥፍ በሉት፤ ሌላ ፍጡር ይሆንባችኋል። የሚያነበው ሰው አይታየውማ! ፊቱ ላይ የሚኮሳተር ግንባር የለ፣ የሚቀላ ዓይን የለ። ግድግዳ ደግሞ ምስኪን ነው፤ የለጠፉበትን ሁሉ ዝም ብሎ ይሸከማል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ በሚገኘው ቀበሌያችን፣ «የውይይት ሰሌዳ ኃላፊ» የሚል ማዕረግ የነበረኝ ሰው ነኝ። እንዴት ተሾምክ አትሉም? አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩና «ኅብረተሰብ» የሚለውን ቃል በትክክለኛው «ኅ» የሚጽፍ ሰው በቀበሌው ከእኔ ሌላ ጠፋ። ሌላው በጀግንነቱ ይሾማል፤ እኔ በአንድ ፊደል ተሾምኩ።

ሰሌዳው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው። የተሰቀለው የኅብረት ሱቁ ግድግዳ ላይ ሲሆን ቦታው በብልሃት የተመረጠ ነበር። ስኳር ሊቀበል የተሰለፈ ሰው ወዴት ይሄዳል? ማንበቡ አይቀርም። ሊቀመንበራችን ሲመርቁት «ሰፊው ሕዝብ ሐሳቡን ያለ ፍርሃት እዚህ ላይ ይጽፋል!» አሉ። ሰፊው ሕዝብ በደንብ አጨበጨበ፤ ከዚያ ግን አንዲት ቃል አልጻፈም። ሞኝ ነው እንዴ? «ምርትና ምርታማነትን እንዴት እናሳድግ?» ብዬ በቆንጆ እጅ ጽሑፌ የለጠፍኩት የመጀመሪያው የመወያያ ርዕስ፣ ቀለሙ በፀሐይ እስኪነጣ ብቻውን ተንጠልጥሎ ከረመ። አንድ ሰው ብቻ ከሥሩ «ላምባ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ። እሱንም እንደ ተሳትፎ ቆጥሬ ሪፖርት አደረግሁት።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ፣ ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት በስፒል ተወግቶ አየሁ። እንዲህ ይላል፦ «ከሰዓት እላፊ በኋላ በከፍተኛ ድምፅ እየጮኸ የሰፊውን ሕዝብ ዕረፍት የሚያውክ አካል በመካከላችን ስለሚገኝ፣ ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድበት በትሕትና አሳስባለሁ። አንድ ተቆርቋሪ።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። «በትሕትና» የምትለዋ ደስ አለችኝ፤ «እርምጃ» የምትለዋ ግን አልተመቸችኝም። ዛሬ ወጣቶቹ እርምጃ ሲባል በእግር መሄድ ይመስላቸዋል፤ የታደሉ ናቸው። ያን ጊዜ ግን ቃሏ ከአፍ ስትወጣ ሰው ዞር ብሎ ኋላውን ያይ ነበር። ላንሳው? የሕዝብን ሐሳብ አፈነ ይሉኛል። ልተወው? አስለጠፈ ይሉኛል። የቢሮ ሰዓት እንደረፈደበት ሰው ሆኜ እግሬን አነሳሁ።

ማታ ስመለስ ሰሌዳው ዘር አፍርቶ ጠበቀኝ። ቀድሞ የመለሰው ሰፊው ሕዝብ ሳይሆን ልብስ ሰፊው ታፈሰ ነበር፦ «ማንኮራፋት የተፈጥሮ ጉዳይ እንጂ የፀረ-አብዮተኛ ሥራ አይደለም። አፍንጫዬን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ታፈሰ፣ ልብስ ሰፊ።»

እንዴ! ማን ስሙን ጠራው? እስከዚያች ሰዓት ድረስ ታፈሰ እንደሚያንኮራፋ ከሚስቱ በቀር ማን ያውቅ ነበር? አሁን ከድልድዩ እስከ ማዘጋጃ ቤት ታወቀለት። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሰው ነገሩን ጨርሶ ሌላ መንገድ አስያዘው፦ «ጓድ ታፈሰ፣ አፍንጫህን ተወውና ለማጥበብ የወሰድከውን ሱሪዬን መልስ።» ከዚያ «የሱሪ ጉዳይ እዚህ ምን ያደርጋል?» የሚል ተከተለ። ከዚያ «አንተስ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ከዚያ «ባለጌ!» ከዚያ «ላምባ መቼ ነው የሚመጣው?» ምርትና ምርታማነት ያልቀሰቀሰውን ሕዝብ ያልታወቀ ጩኸት ቀሰቀሰው።

የባሰው ማክሰኞ መጣ። አቶ በቀለ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ደግ ሰው፣ ሞቅ ሲለው ብቻ ያንጎራጉራል። እሱም ነገሩ ለእኔ ነው ብሎ አመነ። ተናዶ፣ እንደተናደደ ጻፈ፤ ያውም በቀይ እስክሪፕቶ፣ ቡጢ ቡጢ በሚያህል ፊደል። በቀይ መጻፍ እኮ የሰው ጆሮ ሥር ቆሞ መጮህ ነው፤ ያውም በዚያ ዘመን። እንዲህ አለ፦ «ጠጥቶ ይዘፍናል የሚለኝ ሁሉ ውሸታም ነው! ያለፈው ረቡዕ ሌሊት ጭራሹን ቤቴ አልነበርኩም! በቀለ።»

ደግሞ ማን ጠጥተህ ትዘፍናለህ አለህ፣ የኔ ወንድም? ረቡዕንስ ማን አነሳብህ?

ሚስቱ እትዬ አስካለች የስኳር ሰልፉ መሐል ቆማ ነበር። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል እሷም ፈቀቅ እያለች ሰሌዳው ጋ ደረሰች፤ አነበበች። ረቡዕ ሌሊት በቀለ የሰፈር ጥበቃ ተራዬ ነው ብሏት፣ በርኖስ አልብሳ የሸኘችው እሷው ነች። ከሱቁ ሻጭ እርሳስ ተዋሰችና ከቀዩ ጽሑፍ ሥር በትንንሽ ፊደል «ታዲያ የት ነበርክ? ባለቤትህ» ብላ ጻፈች። ሕዝቡ ስኳሩን ጥሎ ሰሌዳው ላይ ተረባረበ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጥበቃ ኃላፊው ሲያልፍ አየና፣ ሥራ ወዳድ ሰው ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነለትም፦ «ጓድ በቀለ ረቡዕ ተራ አልነበረውም። የጥበቃ ክፍል።»

በቀለ እኔ ቤት እየሮጠ መጣ። «በናትህ፣ ያቺን ወረቀት አንሳልኝ!» አለኝ። ሰው ሁሉ በቃሉ የያዛትን ወረቀት ማንሳት ምን ይፈይዳል? «ለመሆኑ የት ነበርክ?» አልኩት፤ እኔም ሰው ነኝ፣ ማወቅ አማረኝ። ግራ ቀኝ አይቶ ነገረኝ። አምስት ኪሎ ከሚኖር ወዳጁ ቤት ክትፎ በልቶ፣ ሰዓት እላፊ ደርሶበት እዚያው አደረ። ይኸው ነው። «ታዲያ ይህን ለአስካለች ንገራታ!» አልኩት። «ረቡዕ ነው እኮ!» አለኝ፤ እንባው ሊመጣ ደርሶ። በኋላ ሲነግራት ምን አለችው መሰላችሁ? «ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ሥጋ ለባሽ ነው ብዬ ዝም እል ነበር። በጾም? ክትፎ?»

እኔም ከመዘዙ አላመለጥኩም። ሐሙስ ሊቀመንበሩ ይፈልጉሃል የሚል መልእክት መጣ። ከቤት ስወጣ ባለቤቴን ወፍራሙን ሹራቤን ስጪኝ አልኳት። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ግን ያን ጊዜ ቀበሌ ለተጠራ ሰው አየሩ መቼ እንደሚቀየርበት አይታወቅም ነበር። እሷም ሹራቡን ሰጥታኝ ፊቷን አዞረች።

ሊቀመንበሩ በሩን ዘጉ። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ጣታቸውን «አካል» የምትለዋ ላይ አሳርፈው «ይህ ማን ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እኔን ነው አይደል?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!»

«እኔ ንግግር የምለማመደው መስኮት ዘግቼ ነው! ባለቤቴ ናት ጮክ በል የምትለኝ!»

ይኸው፣ አሁን ደግሞ ማወቅ የማይገባኝን ነገር አወቅሁ። ሹራቡ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። እሳቸውም ያመለጣቸው ነገር ገባቸው መሰለኝ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ ጉዳዩ በእሁዱ ጠቅላላ ስብሰባ በሂስና ግለሂስ እንደሚጣራ ነግረው አሰናበቱኝ።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ታፈሰ ተነሥቶ ስለ አፍንጫው ግለሂስ አደረገ፤ ከእንግዲህ በጎኑ ለመተኛት ቃል ገባ። በቀለ ስለ ሆዱ ግለሂስ አደረገ። አንዲት ሴትዮ ባሌን የምጨቀጭቀው በሹክሹክታ ነው ስትል፣ ባልየው ከኋላ «ሹክሹክታ!» ብሎ ሳቀና እሱም ሂስ ተደረገበት። ሊቀመንበሩ እንኳ «ለሥራ ካለን ጉጉት የተነሣ አልፎ አልፎ ድምፃችን ከፍ ሊል ይችላል» ብለው በብዙ ቁጥር ተናዘዙ። አጨበጨብን። በመጨረሻ የጥበቃ ኃላፊው «ይህን የጻፈ ሰው ካለ ይውጣ!» አለ።

አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ። ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው ጋሼ ወልደየስ ተነሡ። ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የጡረታ ዕድሜ የደረሱ፣ ድመት እንኳ «ይለፉ» ብለው የሚያሳልፉ ሽማግሌ ናቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛቸው ላይ ጎንበስ አሉ። «እና... አካል ያሉት ማንን ነው?»

«የወይዘሮ ድንቄን አውራ ዶሮ።»

አዳራሹ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን ሰው ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተው። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ እየደበደቡ «ታዲያ ለምን ዶሮ ብለው አልጻፉም?» አሉ።

«እንዴት ብዬ?» አሉ ጋሼ ወልደየስ፤ በእውነት ገርሟቸው። «ዶሮ ብዬ ብጽፍ የማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቅ የለም? ወይዘሮ ድንቄ በአደባባይ ይከፋቸው?»

ለአንዲት ሴትዮ ክብር ሲሉ ቀበሌውን በሙሉ አስጨነቁት! ያም ሆኖ ወይዘሮ ድንቄ ከፍቷቸዋል። ከፊተኛው መስመር ብድግ አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው «አካል? የእኔን ዶሮ አካል? ስም የለውም እንዴ!» ብለው ጮኹ።

ሊቀመንበሩ ደግሞ ነገሩን በመዝጋት ፈንታ «ማን ይባላል?» አሉ።

«ሻምበል!»

የሳቁ ድምፅ እንደ ተቆረጠ ሬዲዮ ቀጥ አለ። አስቡት፤ ሳምንቱን ሙሉ በሰሌዳችን ላይ፣ በእኔ ኃላፊነት፣ «ሻምበል ላይ እርምጃ ይወሰድ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ኖሯል! ወይዘሮ ድንቄ ግን ምን ገዷቸው፤ «አረማመዱን ብታዩት እናንተም ሻምበል ትሉት ነበር፤ ዶሮዎቹን አሰልፎ ነው የሚያስበላቸው» እያሉ ያብራራሉ። ሊቀመንበሩ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠርገው ስብሰባው የደረሰበትን ውሳኔ አሰሙ፤ እኛ ገና ባንወስንም። ዶሮው ማታ ማታ ቅርጫት ይደፋበት፤ ስሙም በአስቸኳይ ይለወጥ። ጋሼ ወልደየስ ቃለ ጉባኤው ላይ «የቀድሞው» የሚል ቃል ከስሙ ፊት ይጨመር ብለው ሐሳብ ሊያቀርቡ እጅ ሲያወጡ ልብሳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

ለእኔም ትእዛዝ ተሰጠኝ፤ ሕዝቡ ሰሌዳው ላይ እንዴት መጻፍ እንዳለበት መመሪያ አውጣ ተባልኩ። ሌላ ጊዜ ደብዳቤ የማረቅቅበትን ሰዓት ሰጥቼ ተጠበብኩበት። የምትናገሩትን ነገር በስሙ ጥሩት፤ ዶሮ ከሆነ ዶሮ በሉ አልኩ። ስማችሁ ካልተጠራ አቤት አትበሉ። የተናደደ ሰው ወረቀቱን ይጻፍ፣ ግን ትራሱ ሥር አሳድሮ ጠዋት እንደገና ያንብበው። ቀይ እስክሪፕቶ የአስተማሪ ነው፤ ለአስተማሪ ይተው። ሱሪው ያልተመለሰለት ሰው ልብስ ሰፊውን ቤቱ ሄዶ ያናግረው። ከሁሉ በላይ ግን የት እንዳደራችሁ፣ ምን እንደበላችሁ፣ ቤታችሁ መቼ ባዶ እንደሚሆን ለግድግዳ አትንገሩ፤ ግድግዳውን የሚያነበው ወዳጅ ብቻ አይደለም። ቋንቋውን አለሰለስኩት፤ ማንንም እንዳይነካ እያንዳንዷን ቃል መዘንኩ። ሊቀመንበሩ አንብበው ማኅተም መቱበት። በራሴ እጅ በአራት ስፒል ወጥሬ ለጠፍኩት፤ ራቅ ብዬም አደነቅኩት።

ከዚያ ድካሜን ልካሰው ብዬ ፒያሳ ወጣሁና አንድ ማኪያቶ ጠጣሁ። ተመልሼ ስመጣ ሰሌዳው ሥር ሰው ተሰብስቧል። ደስ አለኝ፤ ሕዝቤ ሊማር ነው። በትከሻቸው አሻግሬ አየሁ። ከመመሪያዬ ሥር አንዱ እንዲህ ጽፏል፦ «ይህ ሁሉ እኔን ለመንካት እንደተጻፈ ገብቶኛል።»

ከሱ ሥር ደግሞ በሌላ እጅ ጽሑፍ፦ «ተሳስተሃል፤ እኔን ነው።»