አያ ደረሰ ፓስዎርዳቸውን ለማን ሰጡ?

እናንተዬ፣ ሰው ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ሲያስቀምጥ ማን እንደሚያይበት ይጠይቃል? እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለኝ፤ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሳላነብ ስጫን የኖርኩ ሰው ነኝ። መጠየቅ ያስተማሩኝ አያ ደረሰ ናቸው።

አያ ደረሰ የኮሶዬ ገበሬ ናቸው፤ የአገር መድኃኒትም ያውቃሉ። አንድ ቀን የአባታቸውን የመድኃኒት መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልለው ሱቄ ይዘው መጡ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። «ሳያልቅ ፎቶ አንስተህ አንድ ቦታ አኑርልኝ፤ ግና ከኔና ከልጄ በቀር ማንም እንዳያየው» አሉኝ። መቼም በኛ አገር መድኃኒት አዋቂ ምስጢሩን የሚያወርሰው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው። እሳቸውም የመረጡት ሴት ልጃቸውን ነው።

የኢንተርኔት ማስቀመጫ ማማረጥ ጀመርን። መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበትን አሳየኋቸው። ባለቤቶቹ ገልጠው ማየት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከፈለጉ ይችላሉ አልኳቸው። «ተወው!» አሉ። ሁለተኛው ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ቁልፉ ግን እነሱው ጋ ነው። «ምነው ታዲያ ቆለፉት?» ብለው ሳቁብኝ። አፈርኩ። ሦስተኛውን ግን ድርጅቱ ራሱ ሊከፍተው አይችልም፣ ፓስዎርዱ ከጠፋም ጠፋ ነው ስላቸው ፊታቸው በራ። «ይኸማ ሸጋ ነው! እንደኛው ነዋ!» አሉ። ስለ ምስጢር አጠባበቅ ያን ሁሉ ማስረዳቴ ለቀባሪው አረዱት ሆነ።

ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ አስገባሁ። ፊቴን አስዞሩኝና በአንድ ጣታቸው ፓስዎርዳቸውን ጻፉ። ወረቀት ላይም ይያዙት ብላቸው ተቆጡኝ።

ክረምት ገባ። የቤታቸው ጣራ አፈሰሰና መጽሐፉ ሊጥ ሆነ። አያ ደረሰ ግን ምንም አልደነገጡም፤ ልጃቸውን አስከትለው ሱቄ ከች አሉ። ፓስዎርዱን ጻፉ፤ እምቢ። ደገሙ፤ እምቢ። ላብ አጠመቃቸው። «ረስቸዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። ልጅቱ አለቀሰች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ የመረጥኩላቸው እኔ ነኛ!

በኋላ ትዝ አላቸው። ለካ ለነፍስ አባታቸው፣ ያውም በንስሐ ነግረዋቸዋል። እፎይ ብለን ኮሶዬ ወጣን።

አባ ያረጁ ቄስ ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩትን ሁሉ በቃላቸው የያዙ። ፓስዎርዱንም አልረሱትም። «ነገር ግን በንስሐ የተነገረኝን አልናገርም» አሉ።

«የነገርኩዎ እኮ እኔው ነኝ አባቴ!»

«ለአንተም ቢሆን።»

አሁን ይኼ ምን ይባላል? ድርጅቱ አይከፍት፣ ባለቤቱ አያስታውስ፣ የሚያስታውሱት አይናገሩ!

ልጅቱ እግራቸው ላይ ወደቀች። አባ ጥቂት አሰቡና ስልኬን ተቀበሉኝ። ጀርባቸውን ሰጡን፤ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። እያንዳንዷን ፊደል ፍለጋ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጁ አትጠይቁኝ። «መናገር አልተናገርኩም» እያሉ ስልኩን መለሱልኝ። የመጽሐፉ ገጾች በሙሉ ተደርድረዋል። ልጅቱ እልል አለች፤ አያ ደረሰ የአባን ጉልበት ሳሙ፤ እኔም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታው ልብ ሰጠኝ መሰለኝ፣ የኔንም ፓስዎርድ ይያዙልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ብቻውን አልቀበልም ልጄ፤ ከኃጢአትህ ጋር አምጣው» አሉኝ።

ይኸው እስካሁን ሌላ የሚይዝልኝ ሰው እያማረጥኩ ነው።