ያልጨረሰ ያልፋል

ትናንት ከምሳ በኋላ ሕልም አየሁ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ የኮምፒውተር ስሌት ስልት የምንማርበት የአልጎሪዝም መግቢያ ክፍል ውስጥ። ወንበሮቹ ጣሪያው ላይ ነበሩ፤ ቁልቁል ተንጠልጥለን እንማራለን፤ ማንንም አልገረመውም። ከጎኔ የዶርም ጓደኛዬ ኡጁሉ ነበር፤ የጋምቤላው ኡጁሉ፣ አልጋው ስለሚያጥረው እግሩን እኔ አልጋ ላይ እያሳረፈ የሚተኛው።

መምህራችን ዶክተር ውብአንተ አርፍደው፣ እያላባቸው ገቡና ይለምኑን ጀመር።

"ልጆቼ፣ ዛሬ እንኳ ሲ ስጡኝ።"

"መጀመሪያ ይመልሱ" አለቻቸው የክፍላችን ሰቃይ ተማሪ ትርሲት። "ምርጡ አልጎሪዝም የቱ ነው?"

እኒህ ሰውዬ በደጉ ዘመን ለፍጥነት የሚሞቱ ነበሩ። በሕልሜ ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ "ጨርሶ የማያልቀው" አሉ።

አጨበጨብን። ኤ ሰጠናቸው፤ አለቀሱ።

ወዲያው ካፌው ደጃፍ ተገኘን። ዳቦዎቹ ተሰልፈው ተማሪ ይጠብቃሉ። ዘበኛዋ ፍየል ፊሽካ ነፋች።

"ሰው ሁሉ በቁመት ይደርደር! ከፊትህ ያለው ካንተ ካጠረ ቦታ ተቀያየሩ!"

ኡጁሉ ከሁላችን ይረዝማል። ከኔ ጋር ተቀያየረ፣ ከትርሲት ጋር ተቀያየረ፣ ከሚቀጥለውም። በተቀያየረ ቁጥር አቅፎ ይሰናበታል። የሰልፉ ፊት ላይብረሪውን ዞሮ ከግቢው በር ወጥቷል። የተመረቅን ዕለትም አውቶቡስ ተራ እንዲሁ አንድ በአንድ ተለያይተን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

"ኡጁሉ፣ ተመለስ!"

"መመለስ የለም፤ አንተ እርዘም!" አለኝ ከሩቅ። "ከረዘምክ ትደርስብኛለህ!"

በእግር ጣቶቼ ቆምኩ። ፍየሏ አየችኝ።

"ይሄ እያጭበረበረ ነው!"

ዳቦዎቹ አዘኑልኝ። ሰልፋቸውን በትነው መጡና እግሬ ሥር ተነባበሩ። ከፍ ከፍ አልኩ። አንዱን አለፍኩ፣ ሌላውን አለፍኩ። ኡጁሉ እየሳቀ ያን ረጅም እጁን ዘረጋልኝ። ጣቱን ልነካ ስል፣

"መምህር!"

ነቃሁ። ያንን ኮርስ አሁን የማስተምረው እኔ ነኝ። ለተማሪዎቼ ጥያቄ ሰጥቼ፣ እስኪሠሩት ድረስ ወንበሬ ላይ አረፍ ብዬ ነበር። ክፍሉ ባዶ ነው። ፊደላዊት የምትባል ተማሪ ብቻ ቦርሳዋን ታቅፋ ፊቴ ቆማለች።

"ሌሎቹስ?"

"ሄዱ። እንዳይቀሰቅሱዎት ጫማቸውን አውልቀው ነው የወጡት።"

"አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አቴንዳንስ አልያዙም" አለችኝ። ትንሽ አፈረች። "የነሱንም አደራ ብለውኛል።"

መቆጣት ነበረብኝ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና ስም መጥራት ጀመርኩ። ለሴቶቹ በራሷ ድምፅ "አቤት" አለች።

"ቶሎሳ!" አልኩ።

ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ከዚያ በወፍራሙ፣ "አቤት!"